ሳያድር የሄደ ደብዳቤ

ስልኩ ሲጮህ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። የልጄ ጥሪ ለብቻው ዜማ ስለነበረው ማን እንደሆነ ማየት አላስፈለገኝም። እግሬን ከፔዳሉ ሳላወርድ፣ "እሺ የኔ እመቤት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ትዝ አልኩሽ?" አልኩ። የመለሰልኝ የወንድ ድምፅ ነበር። "እናቴ፣ ሆስፒታል ነን። አጠገብዎ ሰው አለ?" አለኝ። ማንም የለም አልኩት። ጎረቤቴ ከማን እንደሰማች አላውቅም፤ መጥታ መቀሱን ከእጄ ስትወስድ ብቻ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጽፈውም።

ደብዳቤ የምጽፍበትን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ቀጥሎ ያለው አይገባችሁም። ልጄ ሥራዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ዐይኔ እየደከመ ሲሄድ ለእኔ ብቻ የሚሆን መጻፊያ ሠራችልኝ። ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ፊደል፣ እያንዳንዱ የአውራ ጣት ያህል። ኪቦርዱ ላይ ሦስት የልብስ ቁልፎች ለጠፈችልኝ፤ ሳላይ በጣቴ እንድለያቸው። የካፖርቱ "ጨርሻለሁ" ማለት ነው። የሸሚዙ "ይቅር" ማለት ነው። የሱሪው ፊደሉን ያጎላዋል።

ደብዳቤ ጽፌ የካፖርቱን ቁልፍ ስጫን ወዲያው አይሄድም። "ይደር" ይለኛል። ጠዋት ስከፍተው ደግሞ "ይሂድ?" ብሎ ይጠይቀኛል። ይህን ከእኔ ሥራ ነው የወሰደችው። እኔ አዲስ ጨርቅ ሲመጣልኝ ውሃ ነክሬ፣ አስጥቼ፣ አሳድሬ ነው መቀስ የማስነካው፤ አለዚያ ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰብና ደንበኛዬ በር ላይ ቆማ ትጮህብኛለች። ልጄ ያደገችው ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ነው። አንድ ቀን ለአከራዬ በንዴት የጻፍኩትን አየችና፣ "እማ፣ አንቺም እንደ ጨርቁ ማደር አለብሽ" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

እሷ ከሞተች በኋላ በየምሽቱ ለእሷው መጻፍ ጀመርኩ። ምሽት ላይ ያለች ይመስለኛል። ጠዋት እውነቱ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። "ይሂድ?" ሲለኝ የሸሚዙን ቁልፍ እጫናለሁ፤ ደብዳቤው ይቀራል። ይህን ማንም አያውቅብኝም ነበር።

በስልክ ያናገረኝ ሰው ሥራ ቦታ አጠገቧ ይቀመጥ የነበረ ባልደረባዋ ነው። ቀጥሎ ያሉት የእኔና የእሱ ደብዳቤዎች ናቸው። ሁሉም አይደሉም።

ጥቅምት 9

ይድረስ ለልጄ ባልደረባ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። መልስ በማዘግየቴ አትቀየመኝ፤ አንድ መስመር ጽፌ አርፋለሁ፣ ከዚያ ምን ልል እንደነበር ይጠፋኛል።

ስለጠየቅከኝ፣ ካርቶኑ በደህና ደርሷል። ሹራቧን አውጥቻለሁ። ጫማዎቿን ገና አልፈታሁም። የውሃ ኩባያዋን በጋዜጣ ጠቅልለህ ስለላክህልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ እጀታው ተሰብሮ የተጣበቀ መሆኑን አይቻለሁ፤ ያጣበቅከው አንተ ነህ ወይስ እሷ?

ስለ ስልኩ ጥሪ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። "ሆስፒታል ነን" ስትለኝ ነገሩ ያለቀ እንደነበር አውቃለሁ። ለእናት እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። አላስቀየምከኝም። ከእንግዲህ አታንሳብኝ።

በምን እንደምጽፍ ጠይቀኸኝ ነበር። እሷ በሠራችልኝ ነው። ኮምፒውተሩ ግን እንደ አሮጌ ወፍጮ ያጓራል። የመንገዳችን ኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ ጆሮውን ደግኖ አዳመጠውና፣ "እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ደክሞታል" አለኝ። "እኔስ?" አልኩት። "እርስዎን መጠገን የእኔ ሥራ አይደለም" ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ግን ሲወጣ የነገረኝ ነገር አስፈርቶኛል። ይህ ኮምፒውተር ሲሞት መጻፊያዬም አብሮት ይሞታል አለኝ። ልጄ ለእኔ ብላ በእጇ የሠራችው ነገር ሌላ የለኝም። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ይነሳልኛል ወይ? አንተ ካልነገርከኝ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

የእሷ እናት

ጥቅምት 17

ይድረስ ለውድ እናታችን፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ደብዳቤዎን ምሳ በልቼ እንደተመለስኩ አነበብኩት፤ እናቴም ሰላም በልልኝ ብላለች። ኩባያውን የሰበርኩት እኔ፣ ያጣበቀችው እሷ ናት። ሲጣበቅ ሙጫው ጎልቶ እንዲታይ አድርጋ ነው፤ "የተሰበረበትን ካላየህ ደግመህ በዚያው በኩል ትይዘዋለህ" ብላኝ ነበር።

ይነሳል ወይ ላሉኝ፣ ይነሳል፤ እንዳለ ግን አይደለም። ፕሮግራም የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ብዙ ናቸው። ይወለዳሉ፣ ጥቂት ጊዜ ሁሉም ያወራላቸዋል፣ ከዚያ ይተዋሉ። እሷ ለእርስዎ የጻፈችበትን ቋንቋ ሰው ከተወው ቆይቷል። ያንን ቋንቋ ማሽኑ ወደሚገባው የሚገለብጥ ተርጓሚ አለ፤ እሱ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ አይሠራም። ለምን እንደመረጠችው አንድ ቀን ጠይቄያት፣ "ሰዋስው በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ያልቃል፤ ታምሜ ብነሳ እንኳ አልረሳውም" አለችኝ። እኔ የምወደው ቋንቋ ጥብቅ ነው፤ ስህተት ካለ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ይጮህብኛል። "ያንተ ቋንቋ አማት ነው" ትለኝ ነበር። በዚህ ስንጨቃጨቅ ሻያችን ይቀዘቅዝ ነበር።

እዚህ ዳኛዋ ነበር የምንላት። ማንም ሰው የፕሮግራም ገጽ ሠርቶ ሲጨርስ ይዞላት ይመጣል። ጣቷን አንዱ ነገር ላይ ታደርግና፣ "ይሄ ምን ሥራ አለው? ከሌለው ደሞዙን ስጠውና ይሂድ" ትላለች። ሰው ተናዶ ይሄዳል፤ በማግስቱ አውጥቶት ይመጣል። አሁን ወንበሯ ላይ የማተሚያ ወረቀት ይከምሩበታል። ሁለት ጊዜ አነሳሁ፤ መልሰው ከመሩት፤ ሦስተኛ አላነሳሁም። የእሷም ሥራ ወደ እኔ ስለዞረ ሳልደክም የምውልበት ቀን የለም።

ቢሆንም በእረፍት ቀኖቼ መጻፊያዎን በእኔ ቋንቋ እንደገና ጽፌ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር እልክልዎታለሁ። እስከዚያ ይንገሩኝ፤ ምን ይስተካከል? ፊደሉ ይዋብ? ደግሞም ደብዳቤዎችዎ በተጻፉ ማግስት ነው የሚደርሱኝ፤ የኢንተርኔት መስመሩ ነው? ላፍጥነው?

አጠገቧ የነበርኩት

ጥቅምት 28

ይድረስ ለልጄ ባልደረባ፣

እንደምን አለህ? እናትህን በጣም አመስግንልኝ። ድካምህ ከደብዳቤህ ይታየኛል፤ እኔም ጨመርኩብህ፤ ምን ላድርግ።

ምን ይስተካከል ላልከኝ፣ ምንም። ፊደሉ አይዋብ። ቀለሙም ይቆይ። ቀርፋፋ ነው ላፍጥነው ላልከኝ ደግሞ፣ ቀርፋፋ እኔ ነኝ፤ እሱ እኔን እየጠበቀ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ላጫውትህ። እኔ ግራኝ ነኝ። መቀስ የለመድኩት ግን በቀኝ እጅ መቀስ ነው፤ ሌላ አልነበረማ። አውራ ጣቴ ሥር ጠባሳ አለኝ። ልጄ የመጀመሪያ ደሞዟን ስትቀበል የግራኝ መቀስ ከየት እንዳገኘች እንጃ፣ ገዝታ መጣች። ደስ ብሎኝ ሳምኳት። በዚያ መቀስ የሰው ቀሚስ አበላሸሁ። ስለቱ በወዲያ በኩል ሆነብኝ፤ መስመሩን እያየሁ ከመስመሩ እወጣለሁ። ላላስከፋት ብዬ እሷ ስትመጣ አዲሱን እይዛለሁ፣ ስትወጣ በአሮጌው እቆርጣለሁ። አንድ ቀን ሳትነግረኝ መጥታ ያዘችኝ። "እማ! እየሸወድሽኝ ነው?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ብዙ ቆየች፣ እጄን እያየች። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የሆነ ነገር ከመሥራቷ በፊት ወንበር ስባ እጄን ታያለች። "ምን ታፈጪብኛለሽ?" እላታለሁ። "ሥራ ላይ ነኝ" ትለኛለች።

አንተ እጄን አላየህም። ስለዚህ እባክህ እንዳለ አድርግልኝ።

ሌላም የምነግርህ ነበረኝ፤ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ይቅር።

የእሷ እናት

ኅዳር 11

ይድረስ ለውድ እናታችን፣

እንዴት ከርመዋል? ቆየሁብዎት፤ ይቅርታ። ዛሬ ኮምፒውተሩን በአውቶቡስ ልኬዋለሁ፤ ጠጋኙ ተቀብሎ ያቁምልዎት። የልብስ ቁልፎቹን ከአሮጌው ኪቦርድ ነቅሎ አዲሱ ላይ በነበሩበት ቦታ እንዲለጥፍ ነግሬዋለሁ።

ፊደሉም ቀለሙም እንደነበረ ነው። ቃሌን ጠብቄያለሁ። አንድ ነገር ብቻ አቃንቻለሁ፤ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው። ደብዳቤው አንድ ቀን እየዘገየ ለምን እንደሚደርሰኝ አገኘሁት። ጽፈው ሲጨርሱ የሚይዘውና ጠዋት ካልተጠየቀ የማይለቀው አንድ ክፍል ነበረበት። "ማሳደሪያ" ብላዋለች። መስመሩ ደካማ በነበረበት ጊዜ ያበጀችው መሰለኝ፤ አሁን መስመሩ ጠንካራ ነው። በላዩ ላይ ስለ ጨርቅ የሆነ ቀልድ ጽፋበታለች፤ አልገባኝም። ዳኛዋ ብትኖር "ሥራ የለውም፣ ይሂድ" ትል ነበር ብዬ አወጣሁት። አሁን የካፖርቱን ቁልፍ ሲጫኑ ደብዳቤው ጣትዎን ሳያነሱ ይደርሳል።

ሠርቼ ስጨርስ ያለወትሮዬ ደስ አለኝ። ለእሷ የሆነ ነገር ያደረግኩ መሰለኝ።

አጠገቧ የነበርኩት

*

ይህን ደብዳቤ በጊዜው አላነበብኩትም። አሮጌው ኮምፒውተር በዚያው ሳምንት ሞቶ ነበር። ጠጋኙ አዲሱን አቁሞ ሲሄድ መሽቷል። የሰው ደብዳቤ ከማንበቤ በፊት ለልጄ መጻፍ አሰኘኝ፤ ቀናት አምልጠውኝ ነበርና።

*

ኅዳር 14

የኔ ቆንጆ፣

እንዴት ዋልሽ? ጠፋሁብሽ አይደል። ኮምፒውተሩ ሞቶብኝ ነው። አሁን አዲስ መጥቶልኛል፤ ድምፅ የለውም፤ አለ የለም እያልኩ በመዳፌ እነካካዋለሁ። ቁልፎችሽ አሉ። የሸሚዙ ትንሽ ተጣሞ ተለጥፏል።

የላከልኝ ያ ችኩሉ የምትይው ልጅ ነው። በእረፍቱ ቀን ተቀምጦ ነው የሠራልኝ። ደግ ነው። እኔ ግን አልወደውም። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? "ምሳ በልቼ ተመለስኩ" ብሎ ጻፈልኝ። ያችን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ምሳ ይበላል። አንቺ ከተቀመጥሽበት አጠገብ ቁጭ ብሎ ምሳ ይበላል፣ ይመለሳል። እናቱ ሰላም ትለኛለች። እሷ ልጇን "በላህ?" ትለዋለች። በዚያ ጠዋት ስለምን እሱ አልሆነም እላለሁ። አየሽ ምን እንደሆንኩ። ግድ የለም፣ ጠዋት ይቀራል።

የዐይኔን ነገር ለማንም አልነገርኩም። በቀኙ አሁን ብርሃን ብቻ ነው የሚታየኝ። ዩኒፎርሙን በጣቴ እየዳሰስኩ ነው የምሰፋው፤ እስካሁን ማንም አላወቀብኝም። አንቺ ብትኖሪ ወንበር ስበሽ ታውቂብኝ ነበር።

ደክሞኛል የኔ ልጅ። ደህና እደሪ። ልብስሽን ደርቢ፤ ብርድ ነው።

እማ

*

የካፖርቱን ቁልፍ ተጫንኩ። "ይደር" የሚለውን ስጠብቅ "ደርሷል" አለኝ።

*

ኅዳር 15

ይድረስ ለውድ እናታችን፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ደንበኞች ሳያውቁ ይጽፉላት ስለነበር የእሷ የመልእክት ሳጥን ወደ እኔ እንዲዞር ተደርጓል። ዛሬ ጠዋት ስከፍት የእርስዎን ስም አየሁ፤ ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። እስከ "ልብስሽን ደርቢ" ድረስ አነበብኩት።

ስለ እኔ ያሉት እውነት ነው። ያን ቀን ጠዋት ወደ አንድ ደንበኛ ቢሮ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ ወይ ብለው እንደማይጠይቁኝ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴን ስለምጠይቅ ነው የምመልሰው። አልነበረም። ተራው የእሷ ነበር። የገጫት መኪና ደግሞ ተራ አያውቅም። ይህን ለራሴ ስነግረው አይረዳኝም፤ እርስዎንም ይረዳል ብዬ አይደለም።

ማሳደሪያው ምን እንደነበር አሁን ገባኝ። እኔ መስመር ነው ብዬ ነበር።

እባክዎ ይጻፉልኝ። ቢሳደቡም ይሁን። ዐይንዎን ሐኪም አይቶታል ወይ?

ችኩሉ

ኅዳር 29

ይድረስ ለልጄ ባልደረባ፣

በወረቀት ነው የምጽፍልህ፤ መስመሬ ከተንጋደደ ታገሠኝ። ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ጠጋኙ ትናንት አይቶት፣ "እትዬ፣ በረደው እንዴ?" አለኝ።

ያልኩትን "አላልኩም" ብል እዋሻለሁ። ብያለሁ። ጠዋት ቢሆን ግን አልልም ነበር፤ ጨርቁ እንዲያድር የማደርገውም ለዚህ ነው። ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያሳየውን መጠን አምኜ አልቆርጠውም፤ ሲደርቅ ስንት እንደሚሆን አይቼ ነው። እሷ ላዩ ላይ የጻፈችው ቀልድ አልነበረም።

ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ላፍጥነው ወይ ስትለኝ ልነግርህ ነበር፤ አፈርኩ። በየምሽቱ ለሞተ ሰው እጽፋለሁ፣ በየጠዋቱ እመልሰዋለሁ ብዬ ለባዕድ ልጅ እንዴት ልንገር? አሁን ግን አወቅኸው፤ የሚደበቅ ነገር የለኝም።

"ደርሷል" ሲለኝ፣ ልጄ፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል አመንኩት። ይሄውልህ፣ ያስቀየምከኝ በዚህ ነው። ምሳህን አይደለም፤ ማንበብህንም አይደለም።

ሰው ሁሉ ይበቃሻል ይለኛል። ጎረቤቴ እንኳ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ተነሺና ሰው መሀል ግቢ" ትለኛለች። እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ግን ከልጄ ጋር የማወራው እዚያ ቢጫ ፊደል ላይ ብቻ ነው፤ የማይሄድ መሆኑን ሳውቅ ነው የምችለው። ያንን መልሰህ ካልሰጠኸኝ አዲሱን ኮምፒውተር ውሰደው።

ስንት ደብዳቤ አነበብክ? አንድ ከሆነ አንድ በለኝ።

የእሷ እናት

ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለውድ እናታችን፣

አንድ። ሌላ አልመጣም።

ወረቀትዎ የደረሰኝ ዕለት ማሳደሪያውን በእኔ ቋንቋ ልመልሰው ተቀመጥኩ። ጽፌ ጨረስኩ፣ ይሠራልም። ግን ስመለከተው የእኔ ነው፤ የእሷ አይደለም። ሌላ ምን እንዳወጣሁ፣ ምኑን ሥራ የለውም ብዬ እንዳለፍኩ ማን ያውቃል? ስለዚህ የጻፍኩትን በሙሉ ተውኩት። የእሷን ቋንቋ ያንን አንድ ገጽ ሰዋስው አግኝቼ አጠናሁ፤ ከዚያም ተርጓሚውን ራሱን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አድርጌ አበጀሁት። አሁን የሚነሳልዎት የእሷው ጽሑፍ ነው፤ አንዲት ፊደል አልነካሁም። ለምን እንደተቀመጠ ያልገባኝ ነገር አሁንም አለበት። ይኑርበት።

ጠጋኙ ሲመቸው ይደውልልኝ፤ እዚህ ሆኜ አስገባዋለሁ።

የደበቅኩዎት አንድ ነገር አለ። ኃላፊያችን የእሷ አድራሻ እንዲዘጋ ካዘዘ ቆይቷል፤ እየለመንኩ ሳስረዝመው ነበር። በጥር መጨረሻ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ወደ እሷ የሚላክ ደብዳቤ "እንዲህ የሚባል ሰው የለም" የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። የሚጽፈው ማሽን ነው፤ ምንም አያውቅም። እርስዎ ያንን መልስ ሳያስቡት እንዳያነቡ ነው ቀኑን ሳራዝም የቆየሁት። ማሳደሪያው ካለ ግን ደብዳቤዎ ከቤትዎ አይወጣም።

አንድ ልመናም አለኝ። ልምጣ? ዐይንዎን ሐኪም ዘንድ አደርስዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከፈቀዱልኝ ወንበር ስቤ እጅዎን ማየት እፈልጋለሁ።

ችኩሉ

ጥር 3

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እናትህስ ደህና ናት? ይህ ደብዳቤ አድሯል። እንዲያውም ከአንዴም በላይ አድሯል፤ ጠዋት ጠዋት እያየሁ "ይቅር" ስለው ነበር። ዛሬ ሳነበው የሚቀየር አጣሁበት።

ጠጋኙ ጨርቁን ከላዩ አንስቶ ካንተ ጋር በስልክ እያወራ አስገባው። "እትዬ፣ ይሞክሩት" አለኝ። ላንተ "እናትህ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ አልመጣልኝም። የካፖርቱን ቁልፍ ተጫንኩ። "ይደር" አለኝ። ጠጋኙ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሞኝ፣ የማላየው መስሎት ነው።

አድራሻዋ ይዘጋ። ተው፣ ከእንግዲህ ማንንም አትለምንላት፤ አንተም ደክሞሃል። አንድ ጠዋት እጄ ስቶ የካፖርቱን ቁልፍ ብጫን ያ የማሽን መልስ ይመጣብኛል፤ አውቃለሁ። ያን ቀን ለአንተ እደውላለሁ፤ አንሳ።

ልምጣ ወይ ላልከኝ፣ ና። ወንበር አለ። ጣቶቼ ግን እንደ ዱሮው አይደሉም፤ የዐይኔን ሥራ ደርበው ነው የሚሠሩት። ሐኪሙንም እሺ ብያለሁ፤ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ ቢሆንም እሺ።

ስለ ምሳው። ያንን የጻፍኩት ከውሃ ሳይወጣ ነው። አሁን ደርቋል፤ ለክቼዋለሁ። እንዲህ ነው የምለው፦ ምሳህን ብላ። ጥለህ አትነሳ። ያን የማተሚያ ወረቀት ከወንበሯ ላይ አንሳና እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብለህ ብላ። ቢመልሱት ደግመህ አንሳ።

ስትመጣ ብርድ ነው፤ ልብስህን ደርብ።

እናትህ

*

ደብዳቤዎቹ ለሰው እንዲነበቡ እሱም ፈቅዷል። መጣ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ረጅም ጊዜ እጄን አየ። "ምን ታፈጥብኛለህ?" አልኩት። መልሱን ያውቀው ነበር፤ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

ለልጄ አሁንም ምሽት ላይ እጽፋለሁ። ጠዋት እመልሰዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ግን "ይሂድ?" ሲለኝ የካፖርቱን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ወደ እናንተ ነውና።

እዚህ ድረስ ያነበባችሁ፣ በየምታውቁት ጸሎት ልጄን አስቡልኝ። ስሟን አልነገርኳችሁም፤ "የዚያች ልብስ ሰፊ ልጅ፣ ቸኩላ የማታውቀው" ብትሉ የሚሰማችሁ ያውቃታል። ነፍሷ እንድታርፍ ለምኑላት። ዛሬ ከደከማችሁ ይደር። ጠዋት ግን አትርሷት።